የከርሰ ምድር ዘይት መለያ ገንዳ፦ አሠራሩ፣ ልኩና አያያዙ በጅማ

በጅማ ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ፣ ላቫጆ ወይም ከባድ መኪና በሚመላለስበት የቡና መጋዘን ግቢ ዝናብ ሲጥል፣ ወለሉ ላይ የከረመው ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ከጎርፉ ጋር ተጠራርጎ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ይወርዳል። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን መሀል ለመሀል አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ስለሚወርድና በኋላም ከግልገል ጊቤ ጋር ስለሚገናኝ፣ በአንድ ግቢ የፈሰሰ ዘይት በዚያው ግቢ ተወስኖ አይቀርም። ይህን ለመከላከል ከሚሠሩ ነገሮች ሁሉ አያያዙ ቀላል የሆነውና ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ከመሬት በታች የሚቀበረው ዘይት መለያ ገንዳ ነው። ገንዳው የሚሠራው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃው ሳይናወጥ የሚቆይበትን ጊዜ በመስጠት። ከዚህ በታች የሚነገረው ልክ፣ አቀባበርና እጥበት ሁሉ ያንን ጊዜ ላለማጣት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ገንዳው ውስጥ የሚሆነው

ገንዳው ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። ከግቢው የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ የሚገባው ደለል ማስቀሪያው ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ አሸዋውና ጭቃው እዚያ ይሰክናል። ቀጥሎ ያለው ዋናው የመለያ ክፍል ነው፤ ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከታች ይቀራል። ወደ መጨረሻው ክፍል የሚያልፈው ውሃ የሚቀዳው ከመለያው ክፍል ግርጌ ነው፤ በግድግዳ ታች በተተወ ክፍተት ወይም ወደ ታች በወረደ ቱቦ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከላይ የተንሳፈፈው ዘይት መውጫ አያገኝም። የመጨረሻው ክፍል የሚያገለግለው ለናሙና ነው፤ ብዙዎች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ይተዉታል፣ ነገር ግን እርሱ ከሌለ ገንዳው እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምንም ነገር አይኖርም።

የመግቢያው ቱቦ ውሃውን በቀጥታ ወደ ገንዳው መሀል መወርወር የለበትም። አፉ ወደ ታች እንዲታጠፍ ወይም ከፊቱ ውሃውን የሚያበርድ ሳንቃ እንዲደረግለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚገባው ውሃ የሰከነውን ደለል ይበጠብጣል፣ የተንሳፈፈውንም ዘይት መልሶ ይሰባብራል። ጀበናው ሳይሰክን ፈጥኖ የሚቀዳ ሰው አተላውን ሲኒ ውስጥ እንደሚያገኘው ማለት ነው።

የዘይት ጠብታ ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በዘይቱና በውሃው የክብደት ልዩነት፣ በውሃው ቅጥነትና በጠብታው መጠን። ጆርጅ ስቶክስ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1851 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ቀመር መሠረት ከሁሉም የሚበልጠው የጠብታው መጠን ነው፤ ፍጥነቱ ከጠብታው ስፋት ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ጠብታው በግማሽ ሲያንስ የሚወጣበት ፍጥነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ፣ የጅማ አማካይ ሙቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ 150 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስፋት ያለው የናፍጣ ጠብታ አንድ ሜትር ለመውጣት 9 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። 60 ማይክሮን ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል፣ 20 ማይክሮን ከሆነ ደግሞ ከስምንት ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ገንዳው 3,000 ሊትር ቢይዝና በሰከንድ 10 ሊትር ቢገባበት፣ ውሃው ውስጡ የሚቆየው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ሣጥን የሆነ ገንዳ ትልልቁን ጠብታ እንጂ ደቃቁን ሊይዝ አይችልም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ገንዳውን ማስፋት አይደለም፤ ጠብታው የሚወጣበትን መንገድ ማሳጠር ነው። በመለያው ክፍል ውስጥ ዘንበል ብለው በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት የተደረደሩ ቆርቆሮ መሰል የፕላስቲክ ንጣፎች ይገባሉ። ጠብታው አሁን ገንዳውን ሙሉ መሻገር ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን ንጣፍ መድረስ ብቻ ይበቃዋል፤ 60 ማይክሮን የሆነው በግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ 20 ማይክሮን የሆነው በ5 ደቂቃ ይደርሳል። ንጣፉ ላይ የደረሱ ጠብታዎች እርስ በርስ እየተያያዙ ይተልቃሉ፣ ከዚያም በንጣፉ ሥር እየተንሸራተቱ ወደ ላይ ይወጣሉ። ኢኤን 858 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ገንዳዎችን በሁለት ደረጃ የሚከፍላቸውም በዚሁ መሠረት ነው፤ አንደኛው ደረጃ በፍተሻ ወቅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ5 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ዘይት የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደረጃ እስከ 100 ሚሊ ግራም ይፈቀድለታል። አንደኛውን ደረጃ ለማሟላት ብዙውን ጊዜ ንጣፍ ወይም ሌላ ጠብታ ሰብሳቢ ግድ ነው። ንጣፉ ግን በጭቃ ይደፈናል፤ ከፊቱ በቂ የደለል ክፍል ከሌለ ገንዘብ ማባከን ብቻ ነው የሚሆነው።

መውጫው ላይ የሚቀመጠው ተንሳፋፊ መዝጊያም መታወቅ አለበት። ክብደቱ በውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ፣ በዘይት ውስጥ ግን እንዲሰጥም ሆኖ የተመጠነ ነው። የዘይቱ ሽፋን እየወፈረ በሄደ ቁጥር ተንሳፋፊው አብሮ ይወርድና ዘይቱ መውጫው ጋ ሊደርስ ሲል ቀዳዳውን ይዘጋል። በዚያን ጊዜ ውሃው ወደ ግቢው ይመለሳል። ሠራተኛ ይህን ሲያይ «ቱቦው ተደፈነ» ብሎ ተንሳፋፊውን ነቅሎ መጣሉ የተለመደ ነው፤ ሆኖም መዝጊያው ያደረገው የተሠራለትን ሥራ ነው፤ የሚጠበቀው ዘይቱን ማስመጠጥ ነው። ተንሳፋፊ ሲገዛም ለየትኛው ዘይት እንደተመጠነ ይጠየቅ፤ ለናፍጣ የተመጠነው በከባድ ዘይት ውስጥ ላይሰጥም ይችላል።

ልኩን ማውጣት

የገንዳው ልክ የሚወጣው በግቢው ስፋት፣ በዝናቡ ኃይልና በእጥበቱ ውሃ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ለገንዳው ግን የዓመቱ ድምር ብዙም አይነግረንም፤ የሚያስፈልገው ኃይለኛው ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያወርደው መጠን ነው። ይህን መጠን ከሜትሮሎጂ መረጃ ወይም በአካባቢው መንገድና ፍሳሽ ከሚነድፍ መሐንዲስ መጠየቅ ይገባል። ስሌቱ ግን ማንም ሊሠራው የሚችል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነውና።

ለምሳሌ ያህል 300 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኮንክሪት ወለል ይኑረን፣ ዝናቡም በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ይሁን። በሰዓት 18,000 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሊትር ይመጣል። በእጥበቱ ጎማ በሰከንድ ግማሽ ሊትር የሚፈስ ከሆነ፣ የእጥበት ውሃ ዘይቱ የበዛ ስለሆነ በሁለት ተባዝቶ 1 ሊትር ይታሰባል። ድምሩ 6 ሊትር ነው። ቀጥሎ የዘይቱ ክብደት ይታያል፦ ለቤንዚንና ለቀላል ናፍጣ ድምሩ እንዳለ ይወሰዳል፤ የሞተር ዘይት ለውሃ ክብደት ስለሚቀርብና ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በ1.5 ይባዛል። ስለዚህ ጋራዥ ከሆነ በሰከንድ 9 ሊትር ይሆናል፤ በገበያ ካሉት መደበኛ ልኮች የሚመረጠውም በሰከንድ 10 ሊትር የሚያስተናግደው፣ ባለ 10 ሊትሩ ነው። የደለሉ ክፍል ለመካከለኛ ጭቃ የገንዳውን ልክ በ200 አባዝቶ ለዚያው 1.5 በማካፈል ይገኛል፣ ይህም 1,300 ሊትር ገደማ ነው። ለጅማ ግን በ300 ማባዛቱ ይሻላል እላለሁ። ከገጠር መንገድ የሚመጣ የጭነት መኪና ጎማውና ሻንሲው የሚይዘው ቀይ ሸክላ አፈር ደቃቅ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሰክናል፣ ዘይቱንም ይዞ ይሰጥማል። ቡና በሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ መኪናው ሲበዛ ደለሉም በዚያው ልክ ይበዛል።

ሲሚንቶና ብረት ከመግዛት በፊት ግን ስለ ቆርቆሮ ማሰብ ይጠቅማል። በምሳሌያችን ከ300 ካሬ ሜትሩ ውስጥ 200ው በጣሪያ ቢሸፈንና የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ለብቻው ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ ቢመራ፣ ገንዳው የሚቀበለው ዝናብ በሰከንድ ወደ 1.7 ሊትር ይወርዳል፤ ከእጥበቱ ጋር ተደምሮና ተባዝቶ 4 ሊትር ያህል ነው፤ ባለ 6 ሊትሩ ገንዳ ይበቃል። ከጣሪያ የወረደ ንጹሕ ውሃ ወደ ዘይት መለያ የሚለቀቅበትን ግቢ ማየት የሚያሳዝን ነው፤ ባለቤቱ በማያስፈልግ ውሃ የገንዳውን ጊዜ እያስበላ ነው።

ዝናብ ሲበረታ ትርፉን ውሃ በጎን የሚያሳልፍ ገንዳም አለ። ለሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ለነዳጅ መቅጃ ቦታና ለላቫጆ ግን አይሆንም፤ ዘይቱ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ስለሚችል ውሃው በሙሉ ማለፍ አለበት።

ቦታውና አቀባበሩ

ገንዳው ከግቢው ዝቅ ባለው ወገን፣ የመምጠጫ መኪና ሊጠጋው በሚችልበት ቦታ ይደረግ። ውሃው በራሱ ክብደት መግባት አለበት። በፓምፕ መግፋት ግድ ከሆነ ፓምፑ ከገንዳው በኋላ ይቀመጥ፤ በመሽከርከር የሚሠራ ፓምፕ ዘይቱን ወደ ደቃቅ ጠብታ ስለሚሰባብረው፣ በፊት ከተቀመጠ የገንዳውን ሥራ ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል። የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የወጥ ቤት ቅባትና የቡና መፈልፈያ ውሃ ፈጽሞ ወደዚህ ገንዳ አይግቡ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አያያዝ አላቸው።

በጅማ ረግረጋማ አቅጣጫዎች የከርሰ ምድር ውሃው በክረምት ወደ ላይ ስለሚቀርብ፣ የተቀበረ ገንዳ ባዶ ሲሆን ሊንሳፈፍ ይችላል። ዙሪያው በውሃ የተሞላ 5 ሜትር ኩብ ባዶ ገንዳ 5 ቶን የሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። የኮንክሪት ገንዳ በክብደቱ ይቋቋመው ይሆናል፤ የፋይበር ግላስ ወይም የፕላስቲክ ገንዳ ግን ከሥሩ በተሠራ የኮንክሪት ሶሌታ ላይ በማሰሪያ መታሰር አለበት። ለቤት ውሃ የሚሸጠውን ሮቶ መቅበር አይመከርም፤ የተሠራው ከውስጥ የሚገፋውን ውሃ እንዲችል እንጂ ከውጭ የሚጫነውን አፈር እንዲሸከም አይደለም። የኮንክሪት ገንዳ ከሆነ ውስጡ ውሃ በማያሳልፍ ልስን መለሰን ይኖርበታል፤ ሥራው እንዳለቀም ውሃ ሞልቶ ለአንድ ቀን መተውና መቀነስ አለመቀነሱን ማየት ያስፈልጋል። የአየር መውጫ ቱቦውም ከሰው ራስ በላይ፣ እሳት ከሚነድበት ርቆ ይቁም።

ሳሙና፣ ግፊትና የማይለይ ዘይት

ጥሩ ሆኖ የተሠራ ገንዳ ከሁሉም በላይ የሚሸነፈው በሳሙና ነው። ኦሞና ፈሳሽ ሳሙና የዘይቱን ጠብታ ከበው ከሌላው ጠብታ ጋር እንዳይያያዝ ያደርጉታል፤ ጠብታው ጥቂት ማይክሮን ሆኖ ይቀራል፤ በዚህ መጠን ደግሞ ንጣፍም ቢኖር አይወጣም። በሙቅ ውሃና በከፍተኛ ግፊት ማጠብም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ ግፊቱን ከ60 ባር፣ ሙቀቱን ከ60 ዲግሪ በታች ማድረግ ይመከራል።

በግቢዎ ያለው ውሃ የሚለይ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በእጥበት ሰዓት ወደ ገንዳው ከሚገባው ውሃ በንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን ዘግተው ሳይነካ ያስቀምጡት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭቃው ከሥር፣ ዘይቱ ከላይ ተለይቶ መሀሉ እየጠራ ከሄደ ገንዳው ሊሠራበት የሚችል ውሃ ነው። በማግስቱም መሀሉ እንደ ወተት ነጣ ብሎ ደፍርሶ ከቆየ፣ ዘይቱ በሳሙና ተይዟል፤ ገንዳውን ከማስፋት በፊት የአስተጣጠቡ ሥርዓት ይለወጥ። የሞተር ቅባት በሳሙና ከመታጠቡ በፊት በፍቂያና በጨርቅ ይነሣ፤ በነጭ ጋዝ የሚታጠብ ዕቃ በትሪ ላይ ይታጠብና ጋዙ በበርሜል ይጠራቀም፤ ሳሙና ግድ ከሆነ ዘይቱን ቶሎ እንዲለቅ ሆኖ የተዘጋጀው ይፈለግ። ወለሉ ላይ ለፈሰሰ ዘይት ደግሞ ሰጋቱራ ይበተንና ተጠርጎ ይነሣ፤ የእንጨት ሥራ በበዛበት በጅማ ሰጋቱራ አይጠፋም።

የፍሬን ዘይት፣ ስሙ ዘይት ቢሆንም፣ አብዛኛው ዓይነት በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ በዚህ ገንዳ ፈጽሞ አይለይም። የራዲያተር ማቀዝቀዣና የባትሪ አሲድም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ወለል ሳይነኩ በየዕቃቸው መሰብሰብ አለባቸው።

መለካትና ማስመጠጥ

ገንዳው ቢያንስ በየስድስት ወሩ መፈተሽ እንዳለበት ኢኤን 858 ይደነግጋል። በጅማ ለሚሠራ ላቫጆ ግን ይህ በጣም የራቀ ነው፤ በበጋ በየወሩ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በየሳምንቱ መለካት ተገቢ ይመስለኛል። መለኪያው ማደያዎች ዘንድ የሚገኘው ምልክት ያለበት ዘንግና በነዳጅ ታንክ ሥር ውሃ መኖሩን ለማወቅ የሚቀባው ቅባት ነው። ቅባቱን ዘንጉ ላይ ስስ አድርጎ ቀብቶ ቀስ ብሎ ማውረድና ጥቂት ቆይቶ ማውጣት ነው፤ ቅባቱ ውሃ የነካው ቦታ ላይ ቀለሙን ይለውጣል፣ ዘይት ብቻ የነካው ቦታ ላይ ግን አይለውጥም። ዘንጉ ላይ ዘይቱ ከጀመረበት አንሥቶ ቀለሙ እስከተለወጠበት ያለው ርቀት የዘይቱ ውፍረት ነው። ደለሉን ለመለካት ደግሞ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ዝርግ ብረት የተበየደበት ዘንግ ይወርዳል፤ የሚቆምበት ቦታ የደለሉ አናት ነው።

የዘይቱ ገጽ ከውሃው መውጫ ከፍ ብሎ ቢታይ አያሳስብም። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የናፍጣ ሽፋን 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ገንዳው ሲሠራም ይህ ከፍታ ታስቦ መተው አለበት።

ዘይቱ ከመያዣ አቅሙ 80 በመቶ ሲደርስ ወይም ደለሉ የክፍሉን ግማሽ ሲሞላ፣ ከሁለቱ አንዱ እንደቀደመ ሌላውን ሳይጠብቁ ማስመጠጥ ነው። የወጣው ነገር ለሴፕቲክ ታንክ እንደሚደረገው የትም አይደፋም። የተቃጠለ ዘይት ከብረትና ከሌሎች መርዛማ ነገሮች ጋር የተደባለቀ ስለሆነ፣ ለምስጥ መከላከያ ብሎ አጥር መቀባትም ሆነ ለአቧራ ማስተኛ መንገድ ላይ መርጨት የሰበሰቡትን መልሶ መበተን ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይሸፍን ዘንድ ያስገድዳል፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም አለ። ስለዚህ ዘይቱን ምልክት በተደረገበት በርሜል አጠራቅሞ፣ ፈቃድ ላለው ተረካቢ በደረሰኝ ማስረከብና ደረሰኙን ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ወደ ገንዳው ማንም ሰው እንዳይወርድ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ገንዳው ውስጥ ይተኛል፤ የበሰበሰ ደለልም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል፤ ይህ ጋዝ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ክዳኑ ሲከፈት ሲጋራም ሆነ ብየዳ በአቅራቢያው አይኑር። ሰው ወድቆ ከተገኘ ተከትሎት የሚወርድ ሰው አብሮ ይሞታል፤ ገመድ፣ የአየር መሣሪያና ሥልጠና ያለው ሰው ይጠራ። መግባት የግድ የሚሆን ጥገና ካለ በጋዝ መለኪያ ተፈትሾ፣ አየር ተነፍቶ፣ በታጠቀው ገመድ ላይ የሚጠብቅ ሰው ቆሞለት ብቻ ይሁን።

የመምጠጫ መኪናው ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ባዶ ገንዳ መለየት አይችልም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዘይት ግድግዳውን በሥሩ አልፎ በቀጥታ ይወጣል፣ ተንሳፋፊውም መቀመጫው ላይ ወርዶ ቀዳዳውን እንደዘጋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ንጣፎቹ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ከታጠቡ በኋላ ገንዳው በንጹሕ ውሃ እስከ መውጫው ቱቦ ድረስ ይሞላ፤ በመሙላቱ መጨረሻ ተንሳፋፊው በዘንግ ከፍ ተደርጎ ይለቀቅ፤ በራሱ ከተንሳፈፈና በናሙናው ክፍል ውሃ መፍሰስ ከጀመረ ክዳኑ ይዘጋና ቀኑ፣ የወጣው ዘይትና ደለል መጠን በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።